የኬፕታውን ጎተራ

ወደ ኬፕታውን ስሄድ ቀድሜ ማየት የፈለግሁት በወደቡ ዳር ያለውን የዛይትዝ የአፍሪካ የዘመኑ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ነበር። ያገኘሁት ሰው ሁሉ ቴብል ማውንቴንን እንድወጣና በጀልባ ወደ ሮበን ደሴት እንድሻገር ይመክረኝ ነበር፤ ምክሩም ተገቢ ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ በአዲስ አበባው ጎተራ፣ ሰፈሩን ስም ባሰጡት የእህል ማከማቻዎች በኩል ስመላለስ የኖርኩ ሰው ስለሆንሁ፣ አንድ አሮጌ የእህል ጎተራ የሥዕል ቤት ሆነ ሲባል ከሰማሁ ጀምሮ ልቤ እዚያው ነበር።

ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ1924 ሥራ የጀመረ ነው። ከመሀል አገር በባቡር የሚመጣው በቆሎና ስንዴ እዚያ ይራገፋል፣ ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ከዚያም ቀጥ ብለው በቆሙት የኮንክሪት ቱቦዎች ውስጥ ተከማችቶ መርከብ ይጠብቃል። 57 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ጎተራ ከሰሃራ በታች ባለው የአህጉሪቱ ክፍል ረጅሙ ሕንፃ የተባለበት ጊዜ ነበር። የእህል ንግዱ መንገዱን ሲቀይር ሥራ እየቀነሰ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2001 ተዘጋ። እንግሊዛዊው ንድፍ አውጪ ቶማስ ሄዘርዊክ አፍርሶ አዲስ ከመሥራት ይልቅ የነበረውን ቆርጦ መክፈትን መረጠ፤ ሙዚየሙም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ለሕዝብ ክፍት ሆነ።

በር ላይ ያጋጠመኝን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም። የአፍሪካ አገሮች ዜጎች ረቡዕ ጧት በነፃ ይገባሉ፤ የሚጠየቀው ዜግነትን የሚያሳይ መታወቂያ ብቻ ነው። ፓስፖርቴን ሳወጣ እንደ ልማዴ ለጥያቄ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ወዴት ነው፣ ለስንት ቀን ነው፣ መመለሻ ትኬት አለ ወይ። ልጅቷ ሽፋኑን አየችና ፈገግ ብላ በእጇ ወደ ውስጥ ጠቆመችኝ። ያ ሽፋን በአንድ መስኮት ላይ ነገር ሲያቀልልኝ ማየት ምን ያህል ደስ እንዳሰኘኝ፣ በየኤምባሲው ደጅ ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል።

ወደ መካከለኛው አዳራሽ ስገባ አንገቴን ቀና አድርጌ ለረጅም ጊዜ ቆምሁ። ሄዘርዊክ ጎተራው ውስጥ የተገኘች አንዲት የበቆሎ ፍሬ ወስዶ፣ ቅርጿን አሳድጎ፣ ያንን ቅርጽ ከቱቦዎቹ መካከል ቦርቡሮ አወጣው። ስለዚህ የሚታየው የተገነባ ነገር ሳይሆን የተቆረጠ ነገር ነው፤ በየአቅጣጫው በሰያፍ የተከፈቱ የቱቦ አፎች፣ በላያቸውም ከጣሪያው መስታወት የሚወርድ የቀን ብርሃን። አንዱ የተቆረጠ ጠርዝ በቁመቴ ልክ ስለነበር ቀርቤ አየሁት። ውጪኛው ቀለበት የ1924ቱ ኮንክሪት ነው፤ ትልልቅና መልካቸው የተለያየ ጠጠሮች ይታዩበታል። ውስጠኛው ደግሞ ሲቆረጥ እንዳይፈርስ ተብሎ የተጨመረው አዲስ ሽፋን ነው፤ ግራጫና ልስልስ ያለ። ጠርዙ እንደ መስታወት ተወልውሎ ሁለቱ ዘመናት ጎን ለጎን ይነበባሉ። አሮጌውን ሸፍኖ አዲስ ማስመሰል በሚቀልበት ጊዜ፣ ስፌቱን እንዲህ ሳይደብቁ መተዋቸው ለእኔ ትልቅ አክብሮት ነው።

የሥዕል ክፍሎቹን በተመለከተ ግን ያን ያህል አላደነቅሁም። ነጭ፣ መስኮት አልባና በየፎቁ የተደራረቡ ናቸው፤ አንዴ ከገባህ ጎተራ ውስጥ መሆንህን ትረሳለህ፤ ስትወጣ ደግሞ አዳራሹ መልሶ ይውጥሃል፤ አሁን ያየኸውን ሥዕል ከአእምሮህ ያጠፋዋል። ለሕንፃው የተሰጠው ልብ ግማሹ እንኳ ለክፍሎቹ ቢሰጥ ብዬ ተመኝቻለሁ።

ሕንፃውን ያስረሳኝ አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ የደቡብ አፍሪካዊው የዊልያም ኬንትሪጅ «ሞር ስዊትሊ ፕሌይ ዘ ዳንስ»፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የተሠራ። በጨለማ ክፍል ውስጥ ስምንት ሰፋፊ ስክሪኖች ተደርድረዋል፤ በከሰል በተሣለ ምድረ በዳ ላይ ጥላ የመሰሉ ሰዎች ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይጓዛሉ። የነሐስ መለከት ባንድ ከፊት ይነፋል። ሕመምተኞች የግሉኮስ መስቀያቸውን እየገፉ ይከተላሉ፤ አፅሞች ይጨፍራሉ፤ ሸክም ያጎበጣቸውም አሉ፤ በመጨረሻም አንዲት የባሌት ዳንሰኛ ጠመንጃ ይዛ በእግሯ ጣቶች ጫፍ እየዞረች ታልፋለች። ሩብ ሰዓት ያህል ፈጅቶ እንደገና ይጀምራል። ለቅሶ ነው ወይስ ንግሥ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ ሙዚቃው ለእልልታ ይጋብዛል፣ እግሮቹ ግን ከቀዬው እንደተፈናቀለ ሰው ይጎተታሉ። በኬንያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ በኩል እዚህ አገር ለመድረስ የተጓዙትን የእኛን ልጆች አሰብሁ፤ ከመካከላቸው በመንገድ የቀሩትን ጭምር። መብራቱ እስኪበራ ልጠብቅ ብል መብራት የሚባል ነገር የለምና፣ ሰልፉ እንደገና ሲጀምር እኔም እንደገና ከመጀመሪያው አየሁት።

ወደ ላይ ወጥቼ የቱቦዎቹን አፍ የሸፈነውን መስታወትም አየሁ፤ የቶጎው ተወላጅ ኤል ሎኮ የሠራቸው ምልክቶች ሰፍረውበታል፤ ሰው በላዩ ይራመዳል። ከዚያ ወደቡ ሁሉ ይታያል።

ማታ መሀል ከተማ አንዲት ትንሽ ሱቅ ውስጥ አንድ የአገሬ ልጅ አገኘሁ፤ ኬፕታውን ከገባ ዓመታት አልፈውታል። ስለ ሰልፉና ስለ ጎተራው ስነግረው በጥሞና አዳመጠኝ፤ ሕንፃውን ከውጭ ያውቀዋል፣ በአጠገቡ ሸቀጥ ይዞ ያልፋል።

«ገንዘቡ ብዙ ነው ሲሉ ሰምቼ ነው ያልገባሁት፣ ጋሼ» አለኝ።

«ረቡዕ ጧት ለእኛ ነፃ ነው፤ ፓስፖርት ማሳየት ብቻ ነው» አልሁት።

«የእኔማ ጊዜው ካለፈ ቆየ፤ በጥገኝነት ወረቀት ነው ያለሁት። እሱን ይቀበሉኝ ይሆን?»

መልሱን አላውቅም ነበር። በማግስቱ ከመብረሬ በፊት በጧት ተመልሼ እጠይቅልሃለሁ ብዬው፣ ስልኩን ተቀብዬ ወጣሁ።