«ድራግ ኦን»፦ የአራተኛ ሳምንት ማስታወሻዬ

በሳምንት አንድ የእንግሊዝኛ ጥምር ግስ ብዬ ከጀመርኩ አራተኛ ሳምንቴን ያዝኩ። ቅዳሜ ጠዋት አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ደብተሬን እሞላለሁ። የዚህ ሳምንቱ «ድራግ ኦን» ነው።

«ድራግ» መጎተት ነው። «ኦን» ሲከተለው አንድ ነገር ከሚገባው በላይ ረዘመ፣ አሰለቸ ማለት ይሆናል። መጀመሪያ «ተጓተተ» ብዬ ጻፍኩ። መጎተት የሚለው እዚያም እዚህም ስላለ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ተጓተተ የምንለው ብዙ ጊዜ እንደ ግንባታ ያለ ሥራ ሲዘገይ ነው። ለስብሰባና ለንግግር የሚሆነው «ተንዛዛ» ነው። ሰርዤ እሱን ጻፍኩ።

እሑድ የዕድር ስብሰባ ነበረን። የድንኳን ኪራይ ላይ ብቻ ሦስት ሰዓት ፈጀን። ሰኞ ሜክሲኮ ያለው ቢሯችን ሻይ ላይ ለባልደረባዬ በእንግሊዝኛ ልንገራት ብዬ «አይ ድራግድ ኦን» አልኳት።

«ቆይ፣ የተንዛዛኸው አንተ ነህ ወይስ ስብሰባው?» አለችኝ።

ትልቁን ነገር የተማርኩት እዚህ ጋ ነው። «ድራግ ኦን» ባለቤቱ ሰው አይደለም፤ ስብሰባው፣ ክሱ፣ ጦርነቱ ነው። የሰለቸው ሰው ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ጭራሽ የለም። አማርኛችን «ሰለቸኝ»፣ «ደበረኝ» ሲል እኔን መጨረሻ ላይ ያስገባኛል። እንግሊዝኛው ግን ነገሩን ብቻ ይከሳል። ስለዚህ ትክክለኛው «ዘ ሚቲንግ ድራግድ ኦን ፎር ስሪ አወርስ» ነው። ቀጥሎ ተሳቢ አይመጣም፤ የሚመጣው የቆይታው ጊዜ ነው።

ረጅም ሁሉ ደግሞ «ድራግ ኦን» አይባልም። ሠርጉ ሞቅ ብሎ እስከ ሌሊት ቢዘልቅ ይህ ግስ አይገባበትም። ቃሉ ውስጥ ቅሬታ አለ።

አነጋገሩ ላይ ጠንከር የሚለው «ኦን» ነው። ያለፈው ጊዜ ሲሆን ሁለቱ ተጣብቀው «ድራግዶን» ይላሉ። ፊልም ላይ ሰምቼው ያልገባኝ ለዚህ ኖሯል።

ማክሰኞ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ «ዘ ዌይት ኢዝ ድራጊንግ ኦን» የሚለው ሳላስበው መጣልኝ። ከአማርኛ ሳልመልስ ነው የመጣው! ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን የያዝኩት ወንድሙን «ድራግ አውት»ን ነው። እሱ አድራጊ አለው፤ ሰብሳቢው ስብሰባውን አንዛዛው እንደምንለው ነው። ሁለቱን ለይታችሁ የምትለማመዱበት ዘዴ ካላችሁ ጻፉልኝ።