የሚጡ የልደት ወረቀትና የኔ መሐላ

ነገሩን ያመጣው የእናቴ ስልክ ነው። ካሊፎርኒያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር፤ እሷ ዘንድ ምሳ ተበልቶ ቡና ቀርቧል። «ይቺን ልጅ ሳላያት ልሙት እንዴ?» አለችኝ። ይሄን ልጄ ሚጡ ከተወለደች ጀምሮ በየሳምንቱ ትለዋለች። የዚያን ሌሊት ግን እንቅልፌ ስላልለቀቀኝ «ክረምት ላይ ይዣት እመጣለሁ እማዬ» ብዬ አረፍኩት። እልልታው ሚስቴን ከእንቅልፏ ቀሰቀሳት።

አንዴ እልል ከተባለ ወዲያ መመለሻ የለም። ሚጡ ፓስፖርት ያስፈልጋታል፣ ፓስፖርቱ ደግሞ የልደት ሰርተፍኬት ይፈልጋል። እኔ በበኩሌ ምንም አልደነገጥኩም። ሰርተፍኬቷ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ያውም በወርቃማ ፍሬም። ሁለቱ የእግሯ አሻራዎች በቀለም ታትመውበታል፣ ሐኪሙ ፈርሞበታል፣ ጥጉ ላይ የሚያብለጨልጭ ማኅተም አለው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እዚህ አገር የልደት ወረቀት እንዲህ ነው የሚሰጡት፣ በእግር አሻራ!» እያልኩ አስጎበኛለሁ።

ከነፍሬሙ ተሸክሜው ሄድኩ። የፓስፖርት ማመልከቻ የምትቀበለው ሴትዮ ፍሬሙን አየች፣ እኔን አየች፣ ተመልሳ የሚጡን ተረከዝ አየች።

«በጣም ያምራል» አለች። «ግን ይሄ ሆስፒታሉ ለማስታወሻ የሚሰጠው ነው። ዋናውን ከካውንቲው አምጣ።» ካውንቲ ማለት እንደኛ ዞን ያለ አስተዳደር ነው።

ሦስት ዓመት ሙሉ እንግዳ ያስጎበኘሁበት ወረቀት ከ«መልካም ልደት» ካርድ አይሻልም ማለት ነው።

ስለ ልደት ወረቀት ባላውቅ አይፈረድብኝም መቼስ። አገራችን ልደትን በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የጀመረችው በ2008 ዓ.ም. ነው። እኔ ያኔ ጢም አውጥቼ ነበር። የኔን ልደት የመዘገበችው እናቴ ናት። «የጎረቤታችን ጊደር የሞተች ሰሞን ነው የተወለድከው» ትላለች። ከአገር ልወጣ ስል ቀበሌ ሄጄ ይህንኑ ስናገር ጸሐፊው «ጊደሯ መቼ ሞተች?» አለኝ። የልደት ቀኔ የተወሰነው እዚያው፣ እሱና እኔ ተደራድረን ነው።

ወደ ሚጡ ልመለስ። መጀመሪያ የሄድኩት ቤታችን ያለበት ካውንቲ ነው። ከአገር ቤት በተማርኩት መሠረት ታጥቄ ነው የሄድኩት፦ ዶሴ፣ የሁሉም ነገር ሦስት ሦስት ኮፒ፣ አራት ጉርድ ፎቶ። ካስፈለገም ምስክር የሚሆኑ ሁለት ጓደኞቼን «ስልካችሁን እንዳታጠፉ» ብያቸዋለሁ። አንድ ሰዓት ተሰልፌ መስኮቱ ጋ ስደርስ ልጁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። «የት ሆስፒታል ተወለደች?» ነገርኩት። «እሱ እኮ ጎረቤት ካውንቲ ነው» አለኝ። ለካ ወረቀቱ የሚገኘው ልጅቷ ከምትኖርበት ሳይሆን ከተወለደችበት ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ 58 ካውንቲ አለ፤ እኔ ከ58ቱ የማያገባውን መርጬ ተሰልፌያለሁ። ፎቶዎቹን ቢያንስ ይቀበለኛል ብዬ አቀረብኩለት። ፈገግ ብሎ መለሰልኝ።

በማግሥቱ ጎረቤት ካውንቲ ሄድኩ። የመኪና ማቆሚያው ላይ ያሉት ሰው ገና ፊቴን እንዳዩ «ሰላም ነህ ወንድሜ?» አሉኝ፤ አንድ ስልሳ ዓመት ይሆናቸዋል። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ስለ ቤተሰብ ተጠያየቅን። «ለልደት ነው የመጣኸው? ፎርሙን አደራ ረጋ ብለህ ሙላው» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» አልኩና በልቤ ግን «ፎርም መሙላት አቅቶኝ ነው?» ብዬ ገባሁ። ዲግሪ አለኝ እኮ።

ፎርሙ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሁለት ሣጥን አለው፤ አንዱን ትመርጣለህ። የመጀመሪያው ቃለ መሐላ ይጠይቃል። የልጅቷ አባት መሆንህን ትምላለህ፣ ከዋሸህ በካሊፎርኒያ ሕግ በሐሰት መሐላ ትከሰሳለህ ይላል። ሁለተኛው ሣጥን ግን መሐላ የሚባል ነገር የለበትም። የሁለቱም ዋጋ አንድ ነው።

እናቴ አንድ ነገር አጥብቃ አስተምራኛለች፦ አትማል። በሰማይም አትማል፣ በምድርም አትማል። ልጅ ሳለሁ «ማርያምን አልሰረቅኩም» ብዬ የተገረፍኩት ስኳሩን ሰርቄ አይደለም፣ ማርያምን በመጥራቴ ነው። (ስኳሩንም ሰርቄያለሁ፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።) እናም ሁለተኛው ሣጥን ላይ፣ በኩራት፣ ምልክት አደረግሁ። ሳይምሉ ወረቀት ማግኘት እየተቻለ የሚምል ሞኝ ማነው?

ቀጥሎ የልደት ቀን። እዚህ ጋ ደግሞ ዲግሪዬ ሠራ። በአእምሮዬ ያለው የእናቴ ቀን ነው፦ ጳጉሜን 3 ቀን 2013፣ ሩፋኤል። ተወለደች ብዬ ስደውልላት እዚያ ጠዋት 1 ሰዓት ነበር፣ ጸበሉ ዝናብ ያካፋል፣ «ሩፋኤል ሰጠን!» ብላ ስታለቅስ ትዝ ይለኛል። በጭንቅላቴ መነዘርኩት፦ ሴፕቴምበር 8፣ 2021። ስልኬን እንኳን ሳላይ። በራሴ ተደነቅኩ።

የመስኮቷ ሠራተኛ ኮምፒውተሯን ነካካች። «እንዲህ ያለ ልጅ የለችም» አለች።

«እንዴት የለችም? ቤት ካርቱን እያየች ነው።»

«በዚህ ቀን የለችም።»

ሚስቴ ጋ ደወልኩ። «ሴፕቴምበር ስንት ነው?» ስል ዝም አለች። ያ ዝምታ ከየትኛውም ወረፋ ይረዝማል። «7 ነው» አለች በመጨረሻ። «የልጅህን ልደት ነው የጠየቅከኝ?» ለካ ሚጡ ስትወለድ እዚህ የ7 ምሽት ነበር፤ አገር ቤት ነግቶ 8 ገብቷል። እናቴ ያየችው ሩፋኤል ካሊፎርኒያ ገና አልደረሰም ነበር። ለሠራተኛዋ «በኛ ሰዓት ነግቶ ስለነበር ነው» ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። «በየት ሰዓት?» አለች። ተውኩት።

ቀኑ ተስተካከለና ስም ላይ ደረስን።

«የልጅቷ የቤተሰብ ስም?» የራሴን ስም ነገርኳት።

«ይሄ እኮ ያንተ የመጀመሪያ ስም ነው።»

«አዎ።»

«ያንተ የቤተሰብ ስምስ?»

«የአባቴ ስም።»

«የእናቷ?»

«የአባቷ።»

«ከማግባቷ በፊት ነው በኋላ?»

«በፊትም በኋላም ያው ነው።»

ብዕሯን አስቀመጠች። ሦስት ሰው አንድ ቤት፣ ሦስት ልዩ ልዩ ስም። «አብራችሁ ነው የምትኖሩት?» አለችኝ በኀዘኔታ። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ ስታገባ ባሏን እንጂ ስሙን አትወስድም ብዬ አስረዳኋት። ጎረቤት መስኮት ያለችዋ ባልደረባዋ ይህን ሰምታ «ትክክል ናቸው!» አለች። ወረፋው ውስጥ ያለ አንድ ባል ግን አንገቱን ነቀነቀ።

በሃያ ደቂቃ ውስጥ ወረቀቱ እጄ ገባ። ነገ ተመለስ የለም፣ ማኅተም የያዘው ሰው ስብሰባ ነው የለም። ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ጠርዙ ሥዕል ሥዕል አለው። ስወጣ ለጋሼ ከሩቅ አውለበለብኩላቸው። አውራ ጣታቸውን አነሱልኝ።

ማታ ለሚስቴ በክብር አቀረብኩላት። ገና እንዳየችው «ይሄ መሐሉ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው?» አለች። እኔ ጌጥ መስሎኝ ነበር። ወረቀቱን አቋርጦ በትልልቅ ፊደል ይላል፦ ለመረጃ ብቻ፤ ማንነትን ለማረጋገጥ አያገለግልም።

ያልማለ ሰው የሚሰጠው ይሄ ነው ለካ። ስሟ አለ፣ ቀኗ አለ፣ የኔም ስም አለ፤ ሁሉም እውነት ነው፣ ግን ለማንም ምንም አያረጋግጥም። ከሳሎኑ ፍሬም የሚለየው የእግር አሻራ የሌለው መሆኑ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ ከሩቅ አይተውኝ መሣቅ ጀመሩ። «ያለ መሐላውን ወሰድክ አይደል?» አሉኝ። «እንዴት አወቁ?» ስላቸው «አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ቆሜያለሁ። የኛ ሰው መሐላ ሲያይ ይሸሻል፣ በሁለተኛው ቀን ይመለሳል» አሉ። ታዲያ ለምን በመጀመሪያው ቀን አልነገሩኝም? «ረጋ ብለህ ሙላው አላልኩህም?» ልክ ናቸው። የመኪና ማቆሚያውን ግን አስከፈሉኝ። ሁለቱንም ቀን።

መስኮቱ ያቺው ሴትዮ ናት። የመሐላውን ፎርም ሞላሁ። «አሁን ፊቴ ትምልና ትፈርማለህ» አለችኝ። ልቤ መምታት ጀመረ። እናቴ ታየችኝ፣ ስኳሩ ታየኝ። ቀኝ እጄን ቀስ ብዬ ወደ ላይ አነሳሁ።

«ጥያቄ አለህ?» አለች።

«አይ፣ እየማልኩ ነው።»

«ፊርማ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።»

እጄን ለማውረድ ያሳፍራል። ጸጉሬን የማክ መስዬ አወረድኩትና ፈረምኩ። በሐሰት ከሆነ ይቀጡኝ ብዬ፣ በካሊፎርኒያ ሕግ፣ የራሴ ልጅ አባት መሆኔን ማልኩ። ይህኛው ወረቀት መሐሉ ላይ ምንም አልተጻፈበትም። ንጹሕ ነው። በጣቴ ስዳስሰው ማኅተሙ ጎርበጥ ይላል። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አሥር ጊዜ ዳሰስኩት።

ፓስፖርቱ ጋ ስንሄድ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ አባትም እናትም መቅረብ አለባቸው ስለተባለ ሚስቴ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ መጣች። በዋነኛነት እኔን ለመጠበቅ ይመስለኛል። ማመልከቻው ላይ ቤት ውስጥ ፈርሜ ነበር የሄድኩት፤ እሱ የሚፈረመው ተቀባይዋ ፊት ነው ተብሎ እንደገና ሞላን። ሚስቴ ምንም አላለችም። እያየችኝ ነው ዝም ያለችው። ከዚያ ያቺ ፍሬሙን ያየችው ሴትዮ «ቀኝ እጃችሁን አንሡ» አለች።

እዚህ ደግሞ በእውነት እጅ ይነሣል! እኔ ተምሬ ተቀምጫለሁና አላነሣሁም። ሚስቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። ሚጡ ግን ሁለቱንም እጆቿን አንሥታ ነበር።

ሴትዮዋ ማመልከቻውን ሰበሰበችና ያንን የደከምኩበትን ሰርተፍኬት አያይዛ ፖስታ ውስጥ ከተተችው። «እንዴ፣ ትወስጂዋለሽ?» አልኳት። በኋላ በፖስታ ይመለስልሃል አለችኝ። ቤት ስገባ የቀሩኝ ለመረጃ ብቻ የሚለውና ባለ እግሩ ናቸው።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ወረቀቱ ተገኘ ልጄ?»

«ተገኘ እማዬ።»

«ሩፋኤል ብለው ጻፉት?»

«ጻፉት።»

«እሰይ! አልማልክም አይደል?»

«ኧረ አልማልኩም።»

ይሄኛው በስልክ ስለሆነ አያስከስስም።