አንዲት ወረቀት ጎደለች፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ምርጫ ያስፈጸምኩበት ቀን

አሜሪካ ከገባሁ በኋላ ለብዙ ዓመታት ምርጫ ማለት ፕሬዚዳንት ብቻ ይመስለኝ ነበር። በአራት ዓመት አንዴ ቴሌቪዥን ላይ ቀይና ሰማያዊ ካርታ ይወጣል፣ 270 የሞላለት ያሸንፋል፣ እኛ ደግሞ ቡና ላይ እንጨቃጨቃለን፣ አለቀ። ለዜግነት ያጠናኋቸው 100 ጥያቄዎችም ብዙ አልጠቀሙኝም። ሴናተር 100፣ ተወካይ 435፣ አንዱ 6 ዓመት፣ ሌላው 2 ዓመት፤ እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ሸመደድኩት። ያኔ ከ10 ጥያቄ 6 መመለስ ይበቃ ነበር። አለፍኩ፣ ረሳሁት።

ነገሩ የገባኝ 2023 ላይ፣ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ በምኖርበት ካውንቲ ምርጫ አስፈጻሚ ሆኜ ስሠራ ነው።

ለምን ገባህበት ካላችሁኝ፣ በ97 አዲስ አበባ ላይ ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፌ የመረጥኩ ሰው ነኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ድምፅ ተሰጥቶ ሲያልቅ በሩ ተዘግቶ ውስጥ ምን እንደሚደረግ በዓይኔ ማየት እፈልግ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ «ሰው እያጠራቸው ነው፣ ለምን አታመለክትም?» ስትለኝ የዚያኑ ዕለት ማታ ቅጹን ሞላሁ። ከባድ ነገር የለውም። ቨርጂኒያ ውስጥ መራጭ ሆኖ መመዝገብ ያስፈልጋል፣ ከዚያ የየትኛው ፓርቲ ወገን እንደሆንክ ወይም የማንም እንዳልሆንክ ትናገራለህ። መጀመሪያ ይሄ ጥያቄ አስደነገጠኝ። እኛ አገር እንዲህ ሲጠይቁህ ለበጎ አይደለማ። ለካ የሚጠይቁት ሰዎቹን ለመቀላቀል ነው። የጣቢያው ኃላፊ ከአንዱ ፓርቲ ከሆነ ምክትሉ ከሌላው እንዲሆን ይደረጋል። እርስ በርስ እንዲጠባበቁ ማለት ነው።

ሥልጠናው ላይ ብዙ ነገር ተነገረን፤ እስከዛሬ ከጭንቅላቴ ያልወጣው ግን የኒውፖርት ኒውስ የምትባለው የቨርጂኒያ ከተማ ታሪክ ነው። 2017 ላይ ለቨርጂኒያ የተወካዮች ምክር ቤት በ94ኛው ወረዳ ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲና ዴሞክራቷ ሼሊ ሳይመንድስ ተወዳደሩ። መጀመሪያ ያንሲ በ10 ድምፅ ይመራ ነበር። እንደገና ሲቆጠር ሳይመንድስ በ1 ድምፅ በለጠች። በማግስቱ ደግሞ አንዲት ወረቀት ዳኞች ፊት ቀረበች። መራጩ የሁለቱንም ክብ አጥቁሮ፣ ሳይመንድስ ላይ ጭረት ስቦበታል። ዳኞቹ ድምፁ የያንሲ ነው አሉ። ልክ 11,608 ለ11,608 ሆኑ። ከዚያስ? ዕጣ! ጥር 4 ቀን 2018 የስቴቱ ዋና ከተማ ሪችመንድ ላይ የሁለቱን ስም በፎቶ ፊልም ዕቃ ውስጥ ከተው፣ ከሸክላ ሳህን አንዱን አወጡ። ያንሲ ደረሰው። እንደ ዕቁብ!

ቀልድ ይመስላል እንጂ በዚያች ዕጣ ሪፐብሊካኖች ምክር ቤቱን 51 ለ49 ይዘው ቀጠሉ። ከዚያ ምርጫ በፊት 66 ለ34 ነበሩ። ልዩነቱ እንዲህ ሲጠብ፣ ለዓመታት ሲወድቅ የኖረው ሜዲኬይድን፣ ማለትም ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት የሚሰጠውን የጤና ኢንሹራንስ፣ የማስፋት ሐሳብ ከራሳቸው ከሪፐብሊካኖችም ድምፅ አግኝቶ በዚያው 2018 አለፈ። ወደ 400,000 ሰው ኢንሹራንስ ማግኘት የሚችልበት በር ተከፈተ። ታክሲና ኡበር የሚነዳ ሐበሻ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ከኔ ይልቅ ያውቀዋል። እኔ ግን ያኔ ኮንግረስ ያደረገው መስሎኝ ነበር። ሕጉን ያወጡት ሪችመንድ ያሉት 100 ተወካዮችና 40 ሴናተሮች ናቸው። የብዙዎቻችንን ኑሮ የሚነካው ከዋሽንግተን ይልቅ እዚያ የሚወሰነው ነው፣ ቴሌቪዥኑ ግን አያወራውም። አንድ ተወካይ እኔ በሠራሁበት ዓመት ደሞዙ 17,640 ዶላር ነበር። በዓመት! ሰዎቹ ሌላ ሥራ አላቸው፤ ጥር ላይ ተሰብስበው በጥቂት ሳምንት ሕግ አውጥተው ይበተናሉ። በሁለቱም ምክር ቤት ያለፈውን ሕግ የስቴቱ ገዥ ካልፈለገው ይመልሰዋል፣ እሱን ለመሻር ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል።

ቀኑ ኅዳር 7 ነበር፣ ማክሰኞ። በፈረንጅ ሰዓት ከንጋቱ 5 ላይ ትምህርት ቤቱ ጂም ውስጥ ተገኘን። ጣቢያው 6 ላይ ይከፈታል፣ ማታ 7 ላይ ይዘጋል። ከመክፈታችን በፊት ድምፅ ቆጣሪው ማሽን ረጅም ወረቀት አተመ፤ የሁሉም እጩ ድምፅ ዜሮ መሆኑን አይተን ፈረምንበት። ከበሩ 40 ጫማ ድረስ ማንም ቅስቀሳ እንዳያደርግ ምልክት ተተከለ።

እኔ መዝገቡ ላይ ተቀመጥኩ። መራጩ መጥቶ ስሙንና አድራሻውን ይናገራል፣ አንተ ስሙን ጮክ ብለህ ትደግማለህ። ደንብ ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? ሐበሻ እስኪመጣ ነው! ከጎኔ ያሉት ጡረተኛ ሰውዬ አንዲትን እህታችንን መዝገቡ ላይ አጡዋት። የአባቷን ስም በመጨረሻ ስምነት ይፈልጋሉ፣ ምዝገባዋ ግን በአያቷ ስም ነው። ባሏ ሌላ ስም፣ ልጇ ሌላ ስም። ሰውዬው ጊዜያዊ ድምፅ፣ ማለትም በኋላ ተጣርቶ የሚቆጠር ድምፅ፣ ወደሚሰጥበት ጠረጴዛ ሊልኳት ሲሉ «ቆይ እስቲ» ብዬ በአያቷ ስም ፈለግኩ፣ ወጣች። ከዚያ ጸሐይ፣ ፀሐይ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ደግሞ በአራት ዓይነት አጻጻፍ። እባካችሁ መንጃ ፈቃዳችሁና የመራጭነት ምዝገባችሁ ላይ ያለው ስም አንድ ይሁን። ቀኑን ሙሉ ያየሁት የሐበሻ ችግር ከሞላ ጎደል ይሄው ነበር።

ከሰዓት በኋላ መኪና ውስጥ ሆነው የሚመርጡ ሰው መጡ ተባለና እኔ ወጣሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ 65 ዓመት የሞላው ወይም አካል ጉዳት ያለበት ሰው ከመኪናው ሳይወርድ መምረጥ ይችላል። ነጠላ የለበሱ እናት ከልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል። አማርኛ ስናገር ፊታቸው በራ።

«የኔ ልጅ፣ ማን ይሻለኛል?»

«እማማ፣ እኔ መናገር አይፈቀድልኝም።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ ነው እዚህ የቆምከው?»

መልስ አልነበረኝም። ወረቀቱ በአማርኛ አልተጻፈም። የፌዴራሉ ሕግ በሌላ ቋንቋ ይታተም ሲል የሚያውቀው ስፓኒሽን፣ የእስያን፣ የአሜሪካ ሕንዶችንና የአላስካ ነባር ሕዝቦችን ቋንቋዎች ነው፤ የአፍሪካ ቋንቋ የለበትም። ወንዙን ተሻግራችሁ ዲሲ ከገባችሁ ግን ከተማዋ በ2004 ባወጣችው ሕግ ምክንያት አማርኛ ታገኛላችሁ። የድልድይ ልዩነት ነው። ደግነቱ፣ ማንበብ የማይችል ሰው የሚያግዘውን ራሱ የመምረጥ መብት በሁሉም ስቴት አለው፤ አሠሪውና የሠራተኛ ማኅበሩ ወኪል ብቻ አይሆኑም። ልጃቸው ቅጹ ላይ ፈረመች፣ እያነበበች ነገረቻቸው፣ እሳቸው ወሰኑ። ከሸሪፉና ከትምህርት ቦርዱ ጀምሮ እስከ ሴናተሩ ድረስ አንድም ሳይዘሉ ሞሉ። ወረቀቱን በመሸፈኛው አቃፊ ውስጥ አድርገው ሰጡኝና መረቁኝ።

እና እኔ ምን አደረግኩ? በሩ ላይ የቤተ ክርስቲያን ወዳጄን አገኘሁ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፣ «ልጆች ደህና? ባለቤትህስ?» ተባባልን። ለመተቃቀፍ እጄ ላይ ያለውን አቃፊ ጠረጴዛ ላይ አኑሬዋለሁ። ወዲያው ሰልፉ ረዘመ፣ ወደ መዝገቡ ተጠራሁ።

በየሰዓቱ ኃላፊዋ ሁለት ቁጥር ታመሳስላለች። መዝገቡ ስንት ሰው አስገባ፣ ማሽኑ ስንት ወረቀት ዋጠ። ከሰዓት በኋላ በፈረንጅ 5 ሰዓት ላይ መዝገቡ 612 አለ። ማሽኑ 611።

አንዳንዴ መራጭ ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ ያኔ ሁኔታው ተጽፎ ይታለፋል። እኔ ግን አቃፊው ትዝ ሲለኝ ላብ አጠመቀኝ። 11,608 ለ11,608 ጆሮዬ ላይ ጮኸ። የኒውፖርት ኒውሱ ወሬ የሩቅ ሰው ታሪክ ነበር፤ አሁን የኔው እጅ ሊገባበት ነው። «ጥፋቱ የኔ ነው» ብዬ ተናገርኩ። ማንም አልጮኸብኝም። አቃፊው ባዶዎቹ አቃፊዎች ሥር ተገኘ። ኃላፊዋ፣ ምክትሏ አጠገቧ ቆሞ እያየ፣ ወረቀቱን ሳታገላብጥ ማሽኑ ውስጥ አስገባችው። 612። ከነሰዓቱ መዝገብ ላይ ተጻፈ፣ ፈረምኩ። ሁለት የተለያየ ፓርቲ ሰዎች አንዲት የማያውቋቸውን ባልቴት ድምፅ ለመፈለግ ጠረጴዛ ሥር ሲንበረከኩ ማየቴ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በፊት ካነበብኩት ሁሉ በለጠብኝ።

ማታ ማሽኑ ውጤቱን አተመ፣ ቆጠርን፣ ሁላችንም ፈረምን፣ አሸግን። ቤት ስገባ በፈረንጅ ከምሽቱ 9 ሰዓት አልፏል። በኋላ የስቴቱ ውጤት ሲጠናቀቅ ዴሞክራቶች የተወካዮች ምክር ቤቱን 51 ለ49፣ ሴኔቱን 21 ለ19 ወስደዋል። አሁንም በጠባብ።

ቨርጂኒያ ውስጥ በየዓመቱ ኅዳር ላይ ምርጫ አለ፤ እኔም ከዚያ ወዲህ አልቀረሁም። ምሳና ሹራብ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጂሙ ይበርዳል። መኪና ውስጥ ላለ ሰው አሁንም የምላከው እኔ ነኝ። እጄ ላይ አቃፊ ይዤ ስትጠሩኝ ዝም ብዬ ባልፍ አትቀየሙኝ። ማሽኑ ጋ ደርሼ እመለሳለሁ፣ ያኔ ስለ ልጆቹ እንጠያየቃለን።