ቧንቧ ተከፍቶ ያደረ ቤት፦ ግድግዳው እስኪደርቅ

ውሃ ጠፍቶ ሳለ የተከፈተ ቧንቧ ይረሳል። ሌሊት ውሃው ሲመጣ የሲንኩ ማፍሰሻ በዕቃ ከተደፈነ ጠዋት ቤቱ ኩሬ ነው። የኔም ኮንዶሚኒየም እንዲሁ ሆነ።

እግሬን ሳላስገባ ዋናውን ብሬከር አጠፋሁ። ብሬከሩ ጋ ለመድረስ ውሃ መርገጥ ግድ ቢሆን ኖሮ ባለሙያ እጠራ ነበር። የረጠበ ሶኬት ተከፍቶ፣ ደርቆ፣ ተፈትሾ እንጂ እንዲሁ አይበራም።

ሻጋታ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ስለሚጀምር የመጀመሪያው ቀን የጥድፊያ ነው። ምንጣፉና ስፖንጁ ፀሐይ ላይ ወጡ። የግድግዳውን ግርጌ የሚሸፍነውን የእንጨት ዞኮሎ ነቀልኩ፤ ከኋላው ውሃ ተኝቶ ነበር። የወለሉ ላሚኔት ከላይ ደረቅ ቢመስልም ከሥሩ ያለው ስስ ስፖንጅ ሲጨመቅ ይንጠባጠባል፤ ስለዚህ ሁሉንም አነሳሁ። ያበጠ ቺፑድ ግን ቢደርቅም ወደ ልኩ አይመለስም፤ ለእሱ አልደከምኩም።

አንዱን ፋን ግድግዳውን ታክኮ እንዲነፍስ፣ ሌላውን አየሩን በመስኮት እንዲያስወጣ አደረግሁ። መስኮት የምከፍተው ፀሐይ ሲወጣ፣ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ነው፤ ዝናብ ሲጥል እዘጋለሁ። «ከሰል አቀጣጥለህ ዝጋው» የሚል ምክር አይጠፋም። አይሞከርም! ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ተኝተው ሳሉ ይገድላል።

የተሳሳትኩት በ8ኛው ቀን ስቱኮና ቀለም መቀባቴ ላይ ነው። ልስኑ ሲዳሰስ ደረቅ ነበር፤ የብሎኬቱ ባዶ ሆድ ግን ውሃ ይዞ ቀስ እያለ ይተፋል። ቀለሙ አረፋ አወጣ፤ በስፓቱላ ፍቄ ከዜሮ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲያ ዓይኔንም እጄንም አላመንኩም። 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገላጭ ላስቲክ ከወለሉ ትንሽ ከፍ አድርጌ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሸግሁና 24 ሰዓት ተውኩት። ከላስቲኩ በስተጀርባ ጤዛ ካለ ግድግዳው ገና ነው። የኔ ያለፈው በአምስተኛው ሳምንት ነው።

ሻጋታ የያዘውን ቦታ ማስክና ጓንት አድርጌ በሳሙና ፈተግሁ። በረኪና ልስን ላይ ጥቁሩን ያነጣል እንጂ ሥሩን ሁልጊዜ አያገኘውም። ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። ነጭ ዱቄት ብቅ ካለ ሻጋታ ሳይሆን ከሲሚንቶው የወጣ ጨው ነው፤ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል እንጂ በውሃ አይታጠብም፤ ካጠቡት ተመልሶ ይገባል። የመጨረሻው ቀለም የውሃ ቀለም ነው፤ የዘይት ቀለም የቀረችውን እርጥበት ውስጥ ያስቀራታል።