ስድስተኛ ሳምንት፦ የባቲው ቅቤ

ሰኞ ዕለት አክስቴ ከባቲ ገበያ ቅቤ ይዛልን መጣች። የባቲን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ደሴ ሲደርስ ቀልጦ ነበር፤ ሰነባብቶም ከረፋ። እናቴ ልታጥበው ስትነሳ «እማዬ፣ ትንሽ አስቀሪልኝ» አልኳት። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ በራሴ መማር ከጀመርኩ ስድስተኛ ሳምንቴ ነው። ያነበብኩትን በአፍንጫዬ ማረጋገጥ ፈለግሁ።

የከረፋ ቅቤ ሽታ በዋናነት ከቡቲሪክ አሲድ ይመጣል። አራት ካርቦን ብቻ ያላት ትንሽ ሞለኪውል ናት። ለጋ ቅቤ ውስጥ ከስቡ ጋር ታስራ ስለምትቀመጥ አትሸትም። ቅቤው ሲቆይና ሲሞቅ ማሰሪያው ይፈታል፣ እሷም ተንና አፍንጫችን ትደርሳለች። ፓልሚቲክ አሲድም እዚያው ቅቤ ውስጥ አለ። እሱ ግን 16 ካርቦን ስላለው ከባድ ነው፤ በቀላሉ አይተንም።

ቅቤውን ለብ ካለ ውሃ ጋር ጠርሙስ ውስጥ ናጥኩት። ስቡ ሲረጋ ውሃውን ለየሁ። ሽታው ወደ ውሃው ገብቷል! ለካ እናቶቻችን የቆየ ቅቤ ደጋግመው የሚያጥቡት ይህንኑ አሲድ እያወጡ ነው። እውነት ለመናገር፣ ከሙከራው ሁሉ የበለጠ ያስደሰተኝ ይሄ ነው።

ከዚያ ውሃው ላይ ቤኪንግ ሶዳ ጨመርኩ። ትንሽ አረፋ አወጣና ሽታው በጣም ቀነሰ። አሲዱ ከሶዳው ጋር ተዋህዶ በኬሚስትሪ «ጨው» የሚባለውን (የወጥ ጨው አይደለም) ሆኗል፤ ጨው ደግሞ አይተንም። አሲዱ ታስሮ እንጂ ጠፍቶ እንዳልሆነ ለማየት አቼቶ ጠብ አደረግሁበት። ስህተት ነበር። የአቼቶው ሽታ ሁሉንም ሸፈነው። በማግስቱ በሎሚ ደገምኩት፣ ያ ክርፋት ተመለሰ።

መጥፎ ሽታ የሚፈለግበት ጊዜም አለ። ቡታጋዝ በራሱ አይሸትም ማለት ይቻላል። የምናውቀው ሽታ ሆን ተብሎ የሚጨመር ሜርካፕታን የሚባል የሰልፈር ውህድ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 18 ቀን 1937 አሜሪካ፣ ቴክሳስ፣ ኒው ለንደን በሚባል ቦታ ሽታ የሌለው ጋዝ ትምህርት ቤት ውስጥ አፈትልኮ ፈነዳ። ወደ 300 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። ጋዝ ላይ ሽታ የመጨመር ግዴታ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ጋዝ ከሸተታችሁ መስኮት ክፈቱ፤ ክብሪትም ማብሪያ ማጥፊያም አትንኩ።

ቀጣዩ እቅዴ ቡቲሪክ አሲድን ከአልኮል ጋር ማዋሃድ ነው። የሚወጣው ኤቲል ቡቲሬት አናናስ አናናስ ይላል፤ ከረሜላና ጭማቂ ውስጥ ለማጣፈጫ ይገባል። ሥራው ግን ሰልፈሪክ አሲድ ስለሚፈልግ ቤት ውስጥ አልሞክረውም። አንድ የኬሚስትሪ መምህር ላብራቶሪ አብረን እንድንሠራ እሺ ብለውኛል። ቅዳሜ እንገባለን።