እንጨት ተቆርጦም ይጠጣል፦ የደሴው ቤታችን ኮርኒስ እስካሁን የደረሰበት

የመኝታ ቤቱ ኮርኒስ ሆድ ያወጣው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። ሌሊት ጋደም እንዳልኩ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አይጥ መሰለችኝ። ጠዋት ቀና ብዬ ሳይ መሃል ያሉት ጣውላዎች ወደ ታች ተነፍተዋል። ገና ሦስት ወር ያልሞላው ሥራ ነው። በገዛ እጄ የሠራሁት፣ ጎረቤቱን ሁሉ እየጠራሁ ያስጎበኘሁት።

እንደኔ ገና ለጀመራችሁ ይጠቅም ከሆነ ከመነሻው ላውራላችሁ።

ቤታችን ደሴ ነው፣ ከጦሳ ግርጌ። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። አባቴ ሲሠራው ኮርኒሱን አቡጀዲ ነበር የወጠረበት። አቡጀዲው ሲያረጅ እማዬ የማዳበሪያ ከረጢት አሰፍታ በቦታው አስወጠረች። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ነፋስ ሲገባበት ከፍ ዝቅ እያለ የሚተነፍሰው፣ አይጥ ስትሮጥበት እግሯ ከታች የሚታየው። አፈር ያራግፋል። ቆርቆሮው ካፈሰሰ ደግሞ ውሃውን አቁሮ እንደ እንስራ ይንጠለጠላል።

እሱን አውርጄ ምን ልስቀል የሚለው አንድ ወር ፈጀብኝ። ቺፑድ ርካሽ ነው፤ አንዴ ውሃ ከነካው ግን ያብጥና ይረግባል፣ ተመልሶም አይስተካከል። ጂፕሰም ያምራል። ነገር ግን የጭቃ ቤት ይንቀሳቀሳል፤ ክረምት ሲርስ በጋ ሲደርቅ መገጣጠሚያው ላይ መሰንጠቁ አይቀርም። ፒቪሲውን ወድጄው ነበር። ቀላል ነው፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ምስጥ አይበላው፣ ውሃ አይፈራ። ከምድጃ በላይ ካልሆነ በቀር ብዙም አይከፋም፤ ሙቀት ያለሰልሰዋል። እማዬ ናሙናውን በጣቷ አንኳኳችና «ክሊኒክ ነው እንዴ የምንተኛው?» አለች። በዚያው ቀረ።

ልቤ የነበረው እንጨት ላይ ነው። ፈረንጆቹ ቢድቦርድ የሚሉት ዓይነት። ጠባብ ጠባብ ጣውላ ነው፤ በአንዱ ጠርዙ ምላስ አለው፣ በሌላው ቦይ። የአንዱ ምላስ የሌላው ቦይ ውስጥ ይገባል። አናጢዎች ወንድና ሴት ይሉታል። የፈረንጁን የሚለየው በየመገጣጠሚያው ዳር የዶቃ ክር የመሰለች ጉብታ በቁመቱ ስለምትሄድ ነው፤ ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማሽን ጣውላውን በብዛት ማውጣት ሲጀምር በእንግሊዝና በአሜሪካ ቤቶች ተስፋፋ። ጉብታዋ ለጌጥ ብቻ አይደለችም። እንጨቱ ሲኮማተር የሚፈጠረውን ክፍተት በጥላዋ ትደብቃለች። ይሄንን አንብቤው ነበር። «እንጨቱ ሲኮማተር» የሚለውን ግን ዘልዬው አልፌያለሁ።

ጣውላውን ያሰራሁት ኮምቦልቻ ነው፣ ከፈረንጅ ጽድ። የሐበሻ ጽድ ቢሆን ምስጥ የማይደፍረው፣ ሽታው ራሱ ቤት የሚያውድ ነበር። ግን እሱ የጎፍ ተራራ ላይ እንደቆመ ቢታይ ይሻላል። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል፤ ለማገር እንጂ ለዚህ አይሆንም። ዋንዛማ ለባለጸጋ ነው። የፈረንጅ ጽድ ቀላል ነው፣ ለመላጊያም ይገራል። ጉጡ ብዙ ነው እንጂ። የጉጡን ነገር እመለስበታለሁ።

እንጨት ቤቱ ያቺን ጉብታ የሚያወጣ ቢላ አልነበረውም። በምትኩ ጠርዞቹን ገደድ አድርገው ላጉልኝ። ሁለት ጣውላ ሲገጥም መሃሉ ላይ ሹል ቦይ ይሆናል፤ ክፍተት መደበቁን ያው ይደብቃል። ውፍረቱ 1.5 ሴንቲ፣ ወርዱ 10 ሴንቲ። ምላሱ 1 ሴንቲ ስለሚገባ የሚሸፍነው ግን 9 ብቻ ነው። ይቺን ስታሰሉ አትርሷት። እኔ 4 ሜትሩን ክፍል ለ10 አካፍዬ 40 ጣውላ አዘዝኩ። የሚያስፈልገው 45 ነበር። ለአምስት ጣውላ ብዬ የሐረጎን ቁልቁለት እንደገና ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

ሚያዝያ ላይ በአይሱዙ አስጭኜ አመጣሁት። በማግስቱ መምታት ጀመርኩ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ጥብቅ አድርጌ። የመጨረሻውን ጣውላ በመዶሻ ነው ያስገባሁት። እንዴት ኮርቼ እንደነበር!

ሐምሌ ላይ ሆዱ ሲወጣ ሰፈራችን ያሉ ሸምገል ያሉ አናጢ ጠራሁ። ገቡ፣ ቀና ብለው አዩ፣ ሳቁ።

«ከግድግዳው ጋር ስንት ተውክለት ልጄ?»

«ምኑን ጋሼ?»

«ክፍተት ነዋ።»

«ምንም። ጥብቅ ነው።»

«እንጨት ተቆርጦም ይጠጣል እኮ! የኮምቦልቻን እንጨት አምጥተህ የደሴን ጉም አጠጣኸው። ሲያብጥ የት ይሂድልህ?»

ማታ ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ። እንጨት በቁመቱ ብዙም አይለወጥም። በወርዱ ግን እርጥበት ሲያገኝ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይጠባል። አንዱ ጣውላ 1 ሚሊ ቢሰፋ ምንም አይደለም። 45ቱ እያንዳንዳቸው 1 ሚሊ ከሰፉ 45 ሚሊ ነው። አራት ሴንቲ ተኩል! በግራም በቀኝም ግድግዳ ይዞታል፣ በላይ ጣውላው የሚመታበት ሞራሌ አለ። የቀረው መንገድ ወደ ታች ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ። ኮምቦልቻ ኮቱን ያወለቀ ሰው ደሴ ሲደርስ ጋቢ ይፈልጋል። ጣውላው ምን ያድርግ?

እርማቱ አሳዛኝ ነበር። አንዱን ዳር ነቅለን እየፈታን ስንመጣ 11 ጣውላ ምላሱ ተሰበረ። የተረፈውን ቤት ውስጥ ደርድሬ ክረምቱን አሳለፍኩት። ጥቅምት ላይ መልሰን መታነው። በዚህኛው ዙር በየግድግዳው 1 ሴንቲ ክፍተት ተውን፤ እሱን ቀጭን የጥግ እንጨት ይሸፍነዋል። የጥግ እንጨቷ የምትመታው ግድግዳው ላይ እንጂ ጣውላው ላይ አይደለም። ጣውላው ላይ ከመታችኋት ያው ቆልፋችሁታል ማለት ነው። መገጣጠሚያዎቹንም በኃይል አላጠበቅንም፤ ጥፍር የማያስገባ ግን የሚተነፍስ ያህል።

ሁለተኛው ክፍል ላይ ግን ሌላ ሰው ሆኛለሁ። ጣውላው እንደመጣ ሦስት ሳምንት ቤት ውስጥ አሳደርኩት፣ አየር እንዲዞርበት በየድርቡ መሃል ቀጫጭን እንጨት እያስገባሁ። ከዚያ ከመሰቀሉ በፊት ፊቱንም ጀርባውንም ጠርዙንም ቀባሁት። እማዬ «የማይታየውን ምን ያስቀባሃል?» ብላ ታዘበችኝ። ፊቱ ብቻ የተቀባ ጣውላ በጀርባው ብቻ ይጠጣል፤ አንዱ ወገን ሲያብጥ ሌላው ባለበት ስለሚቀር እንደ ቦይ ይጎብጣል። ምላሱ ቀድሞ መቀባቱም ጥቅም አለው። በበጋ ሲኮማተር ነጭ ያልተቀባ መስመር ብቅ አይልም።

አሰቃቀሉን በአጭሩ። ሞራሌውን በየ50 ሴንቲ መታሁ፤ ጣውላው እሱን አቋርጦ ነው የሚሄደው። ልኩን የያዝኩት ውሃ በሞላ ላስቲክ ቱቦ ነው። የጣሪያውን እንጨት አምኜ ብሰራ አንዱ ጥግ 6 ሴንቲ ዝቅ ይል ነበር። የመጀመሪያውን ጣውላ በግድግዳው አታስጠጉ፣ ክር ወጥሩ። የጭቃ ግድግዳ ቀጥ ያለ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ የመጀመሪያው ከተንጋደደ ሁሉም ይከተለዋል። የ4 ሴንቲ ሚስማር በምላሱ ሥር ገደድ ተደርጎ ይመታል፣ ቀጣዩ ጣውላ ይሸፍነዋል። ከታች አንድም ሚስማር አይታይም። ለእያንዳንዱ ሞራሌ አንድ ሚስማር ይበቃል። በሁለቱም ጠርዝ ከመታችሁ እንጨቱ መላወሻ ያጣና ይሰነጠቃል። ምላሱን በመዶሻ ቀጥታ አትንኩት። ቁራጭ ጣውላ ደርባችሁ በእሱ ላይ ምቱ። የመብራት መስመሩን ደግሞ ከመሸፈኑ በፊት ኤሌክትሪሺያን እንዲያየው አድርጉ፤ እዚያ ላይ እኔ አልቀልድም።

ስለ ቀለም ከጓደኞቼ ጋር አልተስማማንም። መኝታ ቤቱን ቫርኒሽ ነው ያደረግኩት። እንጨቱ ያምራል፣ የጽዱ መስመር ሁሉ ይታያል። ግን የክፍሉ ቁመት 2 ሜትር ከ40 ነው። ማታ ስተኛ ሳጥን ውስጥ የገባሁ ይመስለኛል። ሁለተኛውን ነጣ ያለ ቀለም ቀባሁት፣ ጣሪያው ከፍ አለ። «እንጨት ቀለም መቀባት ኃጢአት ነው» የሚሉ አሉ። ዝቅ ያለ ቤት ውስጥ አንድ ሳምንት ይተኙና እንነጋገር። ነጩ ግን የራሱ ጣጣ አለው። በሁለተኛው ወር ጉጡ ባለበት ሁሉ ቢጫ ነጥብ ብቅ አለ። ሙጫው ነው። ሁለቴ ደርቤ ብቀባውም ተመልሶ መጣ። ቀለም ከመቀባቱ በፊት ጉጡ በአልኮል በሚሟሟ ሼላክ መታሸግ ነበረበት። አሁን ነጥቦቹን አንድ በአንድ ፍቄ እያሸግኩ ነው፤ አንገቴ ተቆልምሟል።

ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ዝናብ የለም፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ጠዋት ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የሁለተኛው ክፍል ጥግ ላይ ግን ቡናማ የውሃ ምልክት። ቆርቆሮው ላይ ወጣሁ፣ ቀዳዳ ፈለግሁ፣ አጣሁ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የኮርኒሱን መግቢያ ከፍቼ በባትሪ አየሁ። ቆርቆሮው በውስጥ በኩል አልቦታል። ጠብታው በየሸንተረሩ ተደርድሯል፣ አልፎ አልፎ ጠብ ይላል። ከኩሽናችን የሚወጣው እንፋሎት ሞቅ ብሎ ወደ ላይ ይሄድና በረዶ የሆነውን ቆርቆሮ ሲነካ ውሃ ይሆናል። የማዳበሪያው ኮርኒስ ቀዳዳ በቀዳዳ ስለነበር አየሩ ይወጣ ነበር። እኔ አሳምሬ ዘጋሁት።

መፍትሔው ርካሽ ሆነ። በጣሪያው ዳርና ዳር፣ ትይዩ በሆነ ቦታ፣ አየር ማስገቢያና ማስወጫ ከፈትኩ። አይጥ እንዳትገባ በወንፊት ሽቦ ሸፈንኩት። ከኩሽናው ጋር የሚያገናኘውንም ክፍተት ደፈንኩ። ጥር ላይ ደግሜ አየሁ፤ ላቡ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም አይንጠባጠብም። የኮርኒሱን መግቢያ እንዳትረሱት። 60 በ60 ሴንቲ የሆነ፣ በብሎን የሚፈታ ክዳን አስቀሩ። ያለ እሱ ይሄን ሁሉ ለማወቅ ጣውላ መንቀል ነበረብኝ።

አያያዙን በተመለከተ የእኔ ቤት ዋና ጠላት ቡና ነው። እማዬ በቀን ሦስቴ ታፈላለች። ከሰሉ አለ፣ እጣኑ አለ። ረከቦቱ ከሚቀመጥበት ቦታ በላይ ኮርኒሱ ስድስት ወር ሳይሞላው ጠቆረ። ረከቦቱን ወደ መስኮቱ እንድታስጠጋ ለመንኳት። «ቡናውን በረንዳ ላይ ላፍላልህ?» አለች። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ እኔ እጠርጋለሁ። መጀመሪያ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ፣ በቦዩ ቁመት፤ አቧራው ቦዩ ውስጥ ነው የሚተኛው። ቀጥሎ ሳሙና ባለው ውሃ ነክሬ ጥብቅ አድርጌ በጨመቅኩት ጨርቅ። በመጨረሻ በደረቅ። ውሃ እየረጩ ማጠብ የለም፤ በመገጣጠሚያው ይገባል።

ሰኔ ሳይገባ ቆርቆሮው ላይ ወጥቼ ሚስማሩን አያለሁ። ጎማው የደረቀውን፣ የላላውን እቀይራለሁ። ኮርኒስ ላይ የወጣን የውሃ ምልክት ጣሪያው ሳይጠገን መቀባት ገንዘብ መድፋት ነው። ሻጋታ ካያችሁ በቀጠነ በረኪና ጥረጉት፣ መስኮት ከፍታችሁ፣ ከሌላ ማጽጃ ጋር ሳትቀላቅሉ። ጠዋት ወለሉ ላይ ዱቄት የመሰለ ብናኝ ካገኛችሁ ደግሞ ቀና በሉ፤ ከላዩ ትንንሽ ቀዳዳ ይኖራል። እንጨት በይ ገብቶበታል። እኔ አንድ ጣውላ ላይ አግኝቼ እሱን አውጥቼ አቃጥያለሁ፣ በግራና ቀኙ ያሉትን ጣውላዎች ፀረ ተባይ ቀብቻለሁ። እስካሁን ዝም ብሏል።

አሁን የቀረው ሳሎኑ ነው። 5 ሜትር ስለሆነ 56 ጣውላ። ከመጣ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ተደርድሯል። ትናንት ቡና ሊጠጡ የመጡ ጎረቤት ሌላ ቦታ ሲያጡ ላዩ ላይ ተቀመጡ። ጀበናው ሁለተኛ እስኪል መዳፋቸውን ሲያሽከረክሩበት ቆዩና ወደ እማዬ ዞሩ፦ «መደቡስ አምሯል። ምንጣፍ አታለብሱትም?»