ሳይለካ ልክ የሆነው ሴንሰር

ባሕር ዳር ከጣና ዳር ለምንተክለው የአየር ሁኔታ መለኪያ የመጡት የመጀመሪያዎቹ ቦርዶች የቦሽን ቢኤምፒ280 የግፊት ሴንሰር በአይ-ቱ-ሲ ያገናኙ ነበሩ፤ ሁለተኛው ዙር ግን ያንኑ ሴንሰር በኤስ-ፒ-አይ አገናኝቶ መጣ። ሁለቱም ቺፖች መረጃ የሚለዋወጡባቸው መስመሮች፣ በሙያው አጠራር ባሶች፣ ናቸው። አቅራቢው የሰጠን የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) አሮጌ ስለነበር ድራይቨሩ፣ ማለትም ሴንሰሩን የሚያናግረው የከርነሉ ክፍል፣ የሚያውቀው አይ-ቱ-ሲን ብቻ ነው። የእኔ ሐሳብ ስሌቱንና የአለካኩን ሥርዓት በአንድ የጋራ ፋይል አድርጎ፣ ለየባሱ ማንበቢያና መጻፊያ ብቻ የያዙ ሁለት ትንንሽ ፋይሎችን መጻፍ ነበር። ዋናው መሐንዲሳችን በጋራው ፋይል ተስማሙ፤ ሁለቱን ትንንሾች ግን ትርፍ ሥራ አድርገው ቆጠሯቸው፤ ለየባሱ የተዘጋጀ ማንበቢያና መጻፊያ የሚሰጠውን የከርነሉን ሬጅማፕ አነሡብኝ።

«ሬጅማፕ የተሠራው ለዚህ አይደል እንዴ? ከ2011 ጀምሮ ከርነሉ ውስጥ አለ። የአይ-ቱ-ሲውን አውጥተህ የኤስ-ፒ-አይውን ተካ፤ አንድ መስመር ነው።»

«ጋሼ፣ ይህ ሴንሰር በኤስ-ፒ-አይ ሲሆን የአድራሻውን የላይኛውን ቢት የማንበቢያና የመጻፊያ ምልክት አድርጎ ይወስደዋል። የተዘጋጀው ሬጅማፕ ደግሞ ሲያነብ ቢቱን 1 ያደርጋል እንጂ ሲጽፍ 0 አያደርገውም።»

«አንተ ልጅ፣ ቺፑ መለያውን ከሰጠህ ሠርቷል ማለት ነው። ነገር አታብዛ።»

መለያውንማ ሰጠ። የዚህ ሴንሰር ሪጅስተሮች (ቁጥርና ትእዛዝ የሚቀመጥባቸው የቺፑ ትንንሽ ማኅደሮች) የስምንት ቢት አድራሻቸው ሁሉ ከ128 በላይ ስለሆነ የላይኛው ቢታቸው ከመነሻውም 1 ነው፤ ስለዚህ ማንበብ ያለ ማስተካከያ ይሳካል። ከአድራሻ 208 የሚጠበቀው 88 ተነበበ፣ የካሊብሬሽን (የየቺፑ ማስተካከያ) ቁጥሮቹም ሳይዛነፉ መጡ። ሴንሰሩን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ትእዛዝ ግን የሚጻፈው በ244 ላይ ነው፤ በኤስ-ፒ-አይ ይህ አድራሻ ቢቱ ወርዶ 116 ሆኖ መላክ ሲገባው እንዳለ ስለተላከ፣ ቺፑ የተጠየቀው ንባብ መሰለው። በአይ-ቱ-ሲ ተቀባዩ ለየባይቱ ማረጋገጫ ይሰጣል፤ በኤስ-ፒ-አይ እንዲህ ያለ ነገር ስለሌለ ከርነሉ ጽሑፉ እንደደረሰ ቆጥሮ አለፈ።

ሳይለካ የቀረ ሴንሰር በውጤት ሪጅስተሮቹ የሚያቆየው መነሻ ቁጥር 524288 ነው። ይህ ቁጥር በእኛው ቺፕ ካሊብሬሽን ሲሰላ 26 ዲግሪ ገደማ ሙቀትና ወደ 820 ሄክቶፓስካል የሚጠጋ ግፊት ሆኖ ወጣ፤ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ላለች ከተማ ከዚህ ያማረ መልስ ከየት ይመጣል? የምንሠራው ደብረ ማርቆስ ቢሆን ኖሮ ያ ግፊት ለከፍታው ስለሚበዛ ወዲያው በነቃን ነበር። ዋናው መሐንዲስ ስክሪኑን በጣታቸው መታ መታ አድርገው ወደ እኔ ዞረው ፈገግ አሉ። ያችን ፈገግታ እስካሁን አልረሳኋትም።

በማግስቱ የግፊቱ ግራፍ በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ብሎ ነበር። በእኛ አካባቢ የአየር ግፊት በቀን ሁለት ጊዜ፣ ረፋዱ 4 ሰዓትና ማታ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ ብሎ፣ 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ እንደሚልና ልዩነቱም ጥቂት ሄክቶፓስካል እንደሆነ አስረዳሁ።

«ጣና ከቦታው አይነሣ፤ ግፊቱን ምን ያንቀሳቅሰዋል?» አሉኝ።

መልስ አልሰጠሁም፤ ትኩስ ሻይ የያዘ ብርጭቆ ከሴንሰሩ ጋር አስነካሁ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ 26 ዲግሪው ንቅንቅ አላለም። እሳቸውም ብርጭቆውን አይተው፣ ቁጥሩን አይተው፣ ስልክ ተደወለልኝ ብለው ወጡ። ስልኩ ሲጮኽ ግን አልሰማሁም።

የኤስ-ፒ-አይውን ፋይል የዚያኑ ዕለት ጻፍኩት፤ ቢቱን የምታወርደው መጻፊያ ጥቂት መስመር ናት። በሪፖርቱ ላይ ሥራው «በሬጅማፕ አማካይነት የተከናወነ» ተብሎ ተመዘገበ፤ በጥብቅ ካየነው ውሸት አይደለም።

ሴንሰሩ ከነቃ በኋላ ግፊቱ በሰዓቱ ይወጣና ይወርድ ጀመር። ዋናው መሐንዲስ ግራፉን አይተው «ይህ ሁሉ መዋዠቅ ምንድን ነው? ቺፑ ላይ ማጣሪያ አለ አይደል፣ ከፍ አድርገው» አሉኝ። ማጣሪያው የሚያለዝበው የአፍታ መንቀጥቀጥን እንጂ የሰዓታትን ለውጥ እንዳልሆነ ባውቅም ታዘዝኩ፤ በ245 ላይ ያለውን እስከ ጣሪያው ከፍ አደረግኩት። ጽሑፉም በትክክል ደረሰ። በማግስቱ ግፊቱ ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ እንደ ልማዱ ወጣ፤ እሳቸውም «አሁን ተስተካከለ» አሉ።